ስምንት መርፌ፦ ከሱሉልታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሰበታ

በመዝገብ ላይ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ሲፈን ካለፈው ጥር እስከ ነሐሴ ስምንት ወር፣ ስምንት መርፌ ተወግታለች። አንዱም አልቀረባትም። አዲስ አበባ ሆስፒታል ያለው ፋይሏ ላይ ግን በቀይ እስክርቢቶ «መርፌዋን አትከታተልም» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ምክንያት ደረታቸው ሳይከፈት በቱቦ ልባቸው ከሚታከም ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ ተሰርዟል። ባለፈው ዓርብ ሄጄ ይህ ውሸት ነው ስላቸው፣ «ማስረጃ ካለዎት ያምጡ» አሉኝ። ማስረጃው ያለው ቡራዩና ሰበታ ነው። ስለዚህ ተነሥቼ ሄድኩ። በየደረስኩበት ያየሁትን በተራ ጽፌዋለሁ።

ሱሉልታ፣ ሰኞ ኅዳር 1፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሜዳው ላይ ውርጭ ተኝቷል። ሯጮቹ ከኔ ቀድመው ተነሥተዋል፤ አምስት ስድስት ሆነው በአስፋልቱ ዳር ያልፋሉ። ሲፈን በመስኮት ታያቸዋለች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፣ ከነሱ የአንዳንዶቹ እኩያ ናት። እሷ ግን ከአልጋዋ ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ደረቷን ትይዛለች። የምትተኛው ሦስት ትራስ ተደግፋ ነው። ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል።

ሕመሙ የመጣው ከጉሮሮ ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ እኛ ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል አልን። ለካ እሱ ሳይታከም ሲቀር ወደ ልብ ይዞራል። ልብ ውስጥ ደም የሚያልፍባቸው በሮች አሉ፤ የሷ አንዱ በር ጠባሳ ይዞ ተጣብቆ ጠበበ። ድሮ ቢሆን ይህን ለማስተካከል ደረት ይሰነጠቅ ነበር። አሁን ግን በብሽሽት በኩል በደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ በስክሪን እያዩ እስከ ልብ ይገፉታል፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ፊኛ የጠበበው በር መካከል ላይ ይነፏታል። የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ፊኛዋ ትሟሽሻለች፣ ቱቦው ይወጣል። በሽተኛው ነቅቶ ነው የሚሠራለት፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይገባል። ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች ከውጭ አገር በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ዘንድሮ የመጡት በዚህ ሳምንት ነው። ዓርብ ይጨርሳሉ።

ሕመሙ እያገረሸ በሩን እንዳይጎዳው ደግሞ የፔኒሲሊን መርፌ አለ፤ ሰው ሁሉ የወር መርፌ ይለዋል። መርፌውን የሚያቋርጥ ሰው በሩ እንደገና ስለሚጠብበት፣ ቅድሚያ የሚሰጡት ለማያቋርጥ ነው። ደንቡ ትክክል ነው። እኔ ከደንቡ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ የመጣው ከካርዱ ነው። እዚህ ትምህርት ቤቷ ዳገት ላይ ስለሆነ ከጥር ጀምሮ ቡራዩ ወንድ ልጄ ቤት ተቀምጣ ተማረች። ክረምቱን ሰበታ እናቷ ዘንድ ከረመች። መስከረም ሲጠባ ወደኔ ተመለሰች። በሄደችበት ሁሉ ጤና ጣቢያው አዲስ ካርድ ያወጣላታል፣ ካርዱንም እዚያው ያስቀረዋል። ሆስፒታሉ ያየው በእጃችን የነበረውን የሱሉልታውን ካርድ ብቻ ነው። እሱ ላይ ስምንቱ ወር ባዶ ነው።

«አኮ፣ እዚያ ሄደሽ እንዳትጮሂ» አለችኝ ጫማዬን ሳስር። በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።

«እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?»

«ዓርብ ዕለት የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ስሜን በቃሉ ይዞት ነበር።»

«ደግ አደረገ። አንድ ሰው ይያዘው።»

ለጎረቤት አደራ ሰጥቻት ወጣሁ።

ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ ውስጥ የወተት ጀሪካን ከሰው ይበዛል። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ማዘር፣ ጋቢና ይግቡ» አለኝ።

«ማዘር የሚባል ነገር አላውቅም። እማማ በለኝ።»

«እሺ እማማ፣ ይግቡ። ይሄ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ምንድን ነው? ፍርድ ቤት ነው?»

«ፍርድ ቤትስ ዳኛ አለው።»

ከጎጃም የሚመጡት የጭነት መኪኖች ተከታትለው ያልፋሉ። ደመናው እንጦጦ ላይ ተቀምጧል፤ ባሕር ዛፉ ግማሹ አይታይም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሒሳብ ተሰበሰበ፤ መስተዋቱ ላይ ከተለጠፈው ታሪፍ አሥር ብር ይበልጣል። ታሪፉን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሹፌሩ ዞር ብሎ አየኝና ረዳቱን «ለእማማ ብቻ መልስላቸው» አለው። ለኔ ብቻ ከሆነ አልቀበልም አልኩ። ከኋላ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ እነሱም ጠየቁ። ለሁላችንም ተመለሰ። አዲሱ ገበያ ስወርድ ሹፌሩ «እማማ፣ ከእንግዲህ እርስዎን ካየሁ አልቆምም» አለኝ። እየሳቀ ነበር።

ቡራዩ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

በአስኮ በኩል ነው የመጣሁት። ድንጋይ የጫኑ ገልባጮች መንገዱን ይዘውታል። ባጃጆቹ በመካከላቸው ይሾልካሉ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል።

መርፌ ክፍል ያለችው ነርስ «አካም ቡልተን፣ አዮ?» ብላ ተቀበለችኝ፤ እንዴት አደሩ እናቴ ማለቷ ነው። እኔም በኦሮምኛ መለስኩላት፤ ጉዳዩን ግን በሁለቱም ቋንቋ ነገርኳት፣ በአንዱ እንዳታመልጠኝ።

«የአምናው መዝገብ ዕቃ ቤት ነው» አለች።

«እሺ፣ እንሂድ።»

«ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ነው።»

«ስብሰባው መቼ ያልቃል?»

«አዮ፣ እሱን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ እኔም ልጠይቀው።»

ተቀመጥኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ድንቃ ይባላሉ። ጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። የመጡት የደም ግፊት መድኃኒት ለመውሰድ ነው። የኔን ነገር ሲሰሙ የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«ይቺን ያያሉ?» አሉኝ። አንጓቸው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች፣ ሌላ ምንም የለም። «ልቤ የገባው በዚህ በኩል ነው። የልቤ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። በቱቦ ገብተው የሽቦ መደገፊያ አቁመውበት ወጡ። ስቴንት ይሉታል።»

«አላመመዎትም?»

«ነቅቼ ስክሪኑን እያየሁ ነው'ኮ የተሠራው። ሽቦዋ ስትታጠፍ ስትታጠፍ አየሁና፣ ቀስ፣ እዚያ ጋ ኩርባ አለ ብላቸው ዶክተሩ ሥራውን አቁሞ ሳቀ። ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፣ ዝም ብዬ ልይ?»

ድሮ ለዚህ ሕንድ ይኬድ እንደነበር፣ አሁን እዚሁ እንደሚሠራ አጫወቱኝ። የተቀደደውን ልብ እንደ ጃንጥላ በምትዘረጋ ክዳን ይደፍኑታል፤ ውጭ አገርማ ላረጀ ሰው ሙሉ የልብ በር አጣጥፈው በቱቦ አስገብተው ይተክሉለታል አሉ። የሰሙትን ነው የነገሩኝ፣ ግን ልባቸው ውስጥ ሽቦ ያለው ሰው ስለ ልብ ሲያወራ አምነዋለሁ።

«የርስዎስ ተራ ስንት ጊዜ ፈጀ?» አልኳቸው።

«የኔ ድንገተኛ ስለነበር በዚያው ቀን ነው የገባሁት። ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው ተራ የሚያስጠብቀው።»

ይህን ቀለል አድርገው ነው የተናገሩት። እኔን ግን ከበደኝ።

ምሳ ሰዓት ከግቢው ፊት ለፊት ባለች ቤት ሽሮ በላሁ። ስብሰባው ያለቀው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ነርሷ መዝገቡን አቧራውን እያራገፈች አመጣች። ሁለታችንም በጣት ፈለግን። ጥር 12። የካቲት 12። መጋቢት 12። ሚያዝያ ላይ 13 ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ቀን ፋሲካ ስለዋለ በማግስቱ ተወግታለች። ግንቦት 12፣ ሰኔ 12። ስድስቱም አሉ።

«ከፋሲካው በቀር ሁሉም በሚካኤል ቀን!» አለች ነርሷ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አልኳት። በደስታ ነበር የተናገርኩት። ስድስቱንም ቀን ጽፋ ማኅተም መታችልኝ። ኦቦ ድንቃ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና «ይሄ መንጃ ፈቃድ ነው» አሉኝ።

ሰበታ፣ ማክሰኞ ኅዳር 2፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ትናንት በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርጌ ዓለም ገና ስደርስ፣ ከማደያው የወጣው የመኪና ሰልፍ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ሰበታ የደረስኩት ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ ሲለቁ ነው። ሴት ልጄ አልማዝ፣ የሲፈን እናት፣ እዚያ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው። ቆጮ በጎመን አበላችኝ። ዛሬ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ወደ ጤና ጣቢያው መጣች።

እዚህ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍቃዱ የሚባል ነርስ ሲፈንን ያስታውሳታል፤ ክረምት የወጋት እሱ ነው። ሐምሌ 12፣ ነሐሴ 12። ወዲያው ተገኘ። ስምንቱም ሞላ። ተነሥቼ ልስመው ነበር። እሱ ግን የቡራዩውን ወረቀትና የሱሉልታውን ካርድ ተቀብሎኝ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የሱሉልታው መስከረም 12፣ ጥቅምት 12 ይላል።

«እማማ፣ ሁልጊዜ 12 ቀን ነው?»

«ሁልጊዜ። ለሚካኤል ተስዬ ነው። ከፋሲካው በቀር ዝንፍ ብዬ አላውቅም።»

ፍቃዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አወረደና በእስክርቢቶው ጫፍ መቁጠር ጀመረ።

«ይሄ መርፌ በየአራት ሳምንቱ ነው» አለኝ። «ሃያ ስምንት ቀን። የኛ ወር ደግሞ ሠላሳ ነው።»

«ለሁለት ቀን ነው እንዲህ ፊትህ የጠቆረው?»

«ለሁለት ቀን አይደለም። ጳጉሜን አለች። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ሠላሳ አምስት ቀን ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ መከላከያው አልቆባት ነበር ማለት ነው።»

ተቀመጥኩ። ሆስፒታል መጀመሪያ ጊዜ «በየአራት ሳምንቱ» እንዳሉኝ አስታውሳለሁ። አራት ሳምንት ለኔ ወር ነው። ወርን ደግሞ የምቆጥረው በበዓል ነው፤ ሌላ መቁጠሪያ ኖሮኝ አያውቅም። ጳጉሜንን ማን ይቆጥራታል? ደመወዝ አይከፈልባትም፣ የቤት ኪራይ አይጠየቅባትም። ለሰው ሁሉ የሌለች ናት። ለልጅቱ ልብ ግን ነበረች።

ፍቃዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀኑን ሳልዘረዝር ሐምሌና ነሐሴ ወስዳለች ብዬ ብቻ ልጽፍልዎት እችላለሁ። ውሸት አይደለም።»

«ጻፍልን!» አለች አልማዝ።

«ቀኑ ይጻፍ» አልኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«እነሱን ያልሆነ ነገር ጻፉ ብዬ ከስሻለሁ። አሁን እኔ ጎዶሎ ወረቀት ይዤ ልቅረብ?»

«አንቺ እውነተኛ እንድትባዪ ልጄ ትሙት? ሲያዩት እንደገና ይሰርዟታል። ዓርብ'ኮ ሰዎቹ ይሄዳሉ!»

ይህን ያለችው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። እንባዋ ወረደ። ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ የማውቀው አንድ ነገር፣ ሐኪም ጎዶሎ ነገር ከተነገረው ጎዶሎ ሕክምና እንደሚሰጥ ነው። ያ ሳምንት ልጅቱን ጎድቷት ከሆነስ? ፊኛውን ከማስገባታቸው በፊት ማወቅ የለባቸውም? ይህን ያልኳት በኋላ፣ ውጭ ቆመን ነው። የዚያን ጊዜ ግን ወደ ፍቃዱ ዞሬ፣

«ቀኑን ሁሉ ጻፈው። ቀጥለህ ደግሞ ስትወጓት ‹በወሩ ተመለሺ› ትሏት እንደነበር ጻፍልኝ» አልኩት።

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። «እሱንማ ያልኳት እኔ ራሴ ነኝ።»

«እኮ። ጻፈዋ።»

እስክርቢቶውን መልሶ አነሣ። ከዚያ ጻፈው። ስሙንም ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። አልማዝ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ቀድማኝ እየተራመደች ሸኘችኝ። መኪናው ሲነሣ ብቻ በመስኮት እጄን ያዘችው።

አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

ያደርኩት ቡራዩ ነው። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «የሲፈን አያት መጡ» አለ።

የልብ ክፍሉ ኮሪደር ላይ ወንበር የለም፤ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ይታያል፤ ብዙ ስክሪን፣ እንደ ካባ የከበደ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሐኪሞች፣ አልጋ ላይ ነቅቶ ጣሪያውን የሚያይ ሰው። ከአጠገቤ እግሯ ያበጠ ሴት ነበረች። ሁለት ልጆች ከባሏ ጋር ትታ ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጥታለች። እንደ ሲፈን ትንፋሿ ዓረፍተ ነገር አይጨርስላትም።

«ዓርብ... ስልክ ተደወለልኝ» አለችኝ። «አንድ ቦታ... ተገኝቷል፣ ቶሎ ነይ አሉኝ። እግዜር ነው እማማ።»

ያ ቦታ የማን እንደነበር አልነገርኳትም። ውኃዬን ሰጠኋት።

ያስገቡኝ ዶክተር ሐና ዘንድ ነው። የመጨረሻዋን ልጄን ታክላለች። ሦስቱንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ ከዚያ ተቀመጠች። የሰበታው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ሠላሳ አምስት ቀን እንዲጻፍ ያደረገው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ባይጻፍ አላየውም ነበር'ኮ።»

«አውቃለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። አንደኛው፣ አትከታተልም የሚለው ቃል እውነት ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያስ ለምን ተጻፈ?»

«ካርዱ ባዶ ነበር። ደውለን መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም።»

ፋይሉን አስመጣች። የቀዩን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ አላጠፋችውም፣ እንዲነበብ ነው የተወችው። ከሥሩ ጽፋ ድምፅ አውጥታ አነበበችልኝ፦ «ስምንቱንም መርፌ ወስዳለች፤ በሁለት ጤና ጣቢያ መዝገብ ተረጋግጧል። ጳጉሜን የገባችበት መርፌ በሰባት ቀን ዘግይቷል። የቀኑ አቆጣጠር ለቤተሰቡ በግልጽ አልተነገረም።» ፈረመችበት።

«ትክክል ነው?» አለችኝ።

«ትክክል ነው። የኔም የናንተም ጥፋት አለበት።»

«ሁለተኛውስ ጥያቄ?»

«ቦታዋ።»

ዶክተሯ እጆቿን አጣመረች። «የዚህ ሳምንት ዝርዝር ሞልቷል፣ እማማ።»

«ውጭ ያለችውን ሴትዮ አውርጂልኝ አልልም።»

«ቢሉኝም አላወርዳትም ነበር።»

«ጥሩ። ታዲያ የኔዋ ምን ትሁን? ሐኪሞቹ ዓርብ ሄደው ከርሞ ነው የሚመለሱት። እሷ ሦስት ትራስ ላይ ነው የምትተኛው። ከርሞ አራት ይሆናል። ከዚያስ?»

«መጀመሪያ ነገ ያምጧት» አለች። «ያ ሳምንት ጎድቷት እንደሆነ እናያለን። በጉሮሮ በኩል ትንሽ መሣሪያ አስገብተን ልቧ ውስጥ የረጋ ደም እንደሌለ እናረጋግጣለን። የረጋ ደም ካለ ለጊዜው አይሠራም፣ እሱን በመድኃኒት እናሟሟለን። ይህን አሁኑኑ ይወቁት።»

«አውቄያለሁ። ከሌለስ?»

«ከሌለ ከርሞን አትጠብቅም። በፊት እንግዶቹ ካልመጡ ይህ ሥራ እዚህ አይሠራም ነበር። አሁን ግን አብረናቸው እየሠራን ተምረናል። በዚህ ሳምንት እንኳ ብዙውን የሠራነው እኛ ነን፣ እነሱ አጠገባችን ቆመው ነው የሚያዩት። ሲሄዱ የተረፈውን ፊኛ ይተውልናል። አንዱን ለሷ እይዛለሁ።»

«እንደገና ይሰርዟታል» ያለችኝን አልማዝን በሐሳቤ አየኋት። ከዚያም፣ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ጥያቄ ገና ስላልተመለሰ፣ ቀኑንና ሰውየውን ለይታ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። መቼ ነው? እንግዶቹ ከሄዱ በኋላስ ልጅቱ ልብ ውስጥ የሚገባው የማን እጅ ነው?

ዶክተር ሐና መቁጠሪያውን ወደኔ አዙራ ቀኑን በጣቷ አሳየችኝ።

«ሰኞ ኅዳር 8 ትተኛለች። ማክሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምትገባው እሷ ናት» አለች። «የምሠራላት እኔ ነኝ።»